ካቶሊኳ አያት ለምን ሁዳዴ ይጾማሉ?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጾም ነው። ስብከት ግን አይደለም። ትምህርት ቤታችን የኦርቶዶክሱም፣ የካቶሊኩም፣ የጴንጤውም፣ የሙስሊሙም ልጅ ተቀላቅሎ አማርኛ የሚማርበት ቤት ነው፤ ሃይማኖቱን የምታስተምሩት እናንተና የየእምነታችሁ አባቶች ናችሁ። እኔን ብዕር ያስነሣኝ ሌላ ነገር ነው። አንዲት ተማሪዬን በተሳሳተ መልስ አስከፍቻት ነበር። ስሕተቴን ለማረም ታሪክ ማገላበጥ ግድ ሆነብኝ፤ ያገኘሁት ነገር ለሁላችንም የሚጠቅም ስለመሰለኝ ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ ልጆቹ በሚያውቁት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ነገሩ የሆነው በ2024 ጸደይ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። የምግብ ስሞችን እየተለማመድን ነበር። «ባለፈው እሑድ ቤታችሁ ምን ተበላ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዷ እጇን አውጥታ «ፋሲካ ስለነበር ዶሮ ወጥ በላን» አለች። ከኋላ አንድ ልጅ ቀበል አድርጎ «ፋሲካ ገና ነው! እኛ ጾም ላይ ነን። አንቺ ሐበሻ አይደለሽም እንዴ?» አላት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ነገሩን ላበርድ ብዬ «እሷ ካቶሊክ ናት፤ የእሷ የፈረንጆቹ ፋሲካ ነው» አልኩና ወደ ትምህርቴ ልመለስ ስል፣ ልጅቷ ቀስ ብላ «አያቴም እኮ ካቶሊክ ናት። አዲስ አበባ ናት። እሷ ግን አሁንም እየጾመች ነው» አለች።

መልስ አልነበረኝም። «እሺ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ አለፍኩት። በኋላ እናቷ እንደነገሩኝ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ «እማዬ፣ እኛ የውሸት ሐበሻ ነን?» ብላ ጠይቃቸዋለች። እንግዲህ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ብላ እንድትጠይቅ ያደረግኋት እኔ ነኝ።

ሁለት ፋሲካ ከየት መጣ?

መጀመሪያ የቀኑን ጉዳይ እናጥራ። በዚያ ዓመት በምዕራባውያኑ ዘንድ ፋሲካ የዋለው ማርች 31 ነበር። በኢትዮጵያ ደግሞ ሁዳዴ የተያዘው ማርች 11፣ ፋሲካ የዋለው ሜይ 5 (ሚያዝያ 27) ነው። ልዩነቱ አምስት ሳምንት መሆኑ ነው። በ2025 ግን ሁለቱም አንድ ቀን፣ ኤፕሪል 20 ዋሉ። በ2026 ደግሞ ኤፕሪል 5 እና ኤፕሪል 12፣ የአንድ ሳምንት ልዩነት።

የሁለቱም መነሻ ደንብ አንድ ነው፦ በጸደይ ቀንና ሌሊት እኩል ከሆኑ በኋላ ከምትሞላው ጨረቃ ቀጥሎ ያለው እሑድ ፋሲካ ነው። የሚለያዩት በስሌቱ ነው። የእኛ ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ያሰላሉ። ሮም ደግሞ በ1582 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ዘመን የቀን አቆጣጠሯን አሻሽላ ከአሮጌው ስሌት ተለየች።

ታዲያ ካቶሊኳ አያት ከሮም ጋር እያሉ ለምን በባሕረ ሐሳብ ይጾማሉ? እኔ የሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ካቶሊክ ማለት ላቲን ማለት ይመስለኝ ነበር። ለካ አይደለም። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከላቲኑ ሌላ 23 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሥርዓተ አምልኮ ይዘው ከሮም ጋር አንድ የሆኑ ናቸው። ከእነዚህ አንዷ በግእዝ ሥርዓት የምትቀድሰው የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ናት። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ የላቲን ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊኮችም ብዙ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ፋሲካን የሚያከብሩት ከሀገሬው ጋር በአንድ ቀን ነው። ስለዚህ አያትየው ከጎረቤታቸው ጋር አብረው ይጾማሉ፣ አብረው ይፈታሉ። የልጅ ልጃቸው ደግሞ እዚህ በሰፈሯ ያለው ቁምስና የላቲን ስለሆነ ከእነሱ ጋር ታከብራለች። ሁለቱም ካቶሊክ፣ ሁለቱም የአንድ ቤት ልጅ።

ይህ ግን እንዲሁ በቀላሉ የመጣ ነገር አይደለም። ብዙ ደም የፈሰሰበት ታሪክ አለው።

ሮም ውስጥ ዳዊት ይደግሙ የነበሩ

ከሁላችን በፊት የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በቫቲካን ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለሐበሻ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ተሰጠ። ዛሬም «እስጢፋኖስ ዘሐበሻ» እየተባለ ይጠራል። በ16ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቄስ ሮም ውስጥ ሐበሾች ዳዊት ሲደግሙ ሰማ። ቋንቋው ገረመው። ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ተማረና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። በማተሚያ መሣሪያ የታተመው የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ ይህ ነው። በ1548 እና 1549 ደግሞ በዚያው በእስጢፋኖስ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ሮም ላይ አሳተሙ።

ልብ በሉ፣ እነዚያ ሰዎች ከሀገራቸው ርቀው የራሳቸውን ጸሎት በራሳቸው ቋንቋ ስለያዙ ነው አንድ የባዕድ ሀገር ሰው ቆም ብሎ ያዳመጣቸው። የመጀመሪያው ግንኙነት በመስማት ነበር። የሚቀጥለው ግን እንደዚያ አልሆነም።

ጾም በአዋጅ ሲለወጥ

በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ አባ ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ግእዝና አማርኛ ተምረው፣ ሰውን ቀስ ብለው እያግባቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት አረፉ። በ1625 በእሳቸው ምትክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ መጡ። ሜንዴዝ መታገሥን የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ታቦታቱና አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ ቅዳሴው ወደ ላቲኑ ሥርዓት እንዲቀየር፣ በዓሉና ጾሙም በሮም አቆጣጠር እንዲሆን ጠየቁ።

እስቲ ይህ ለአንድ ባላገር ምን ማለት እንደነበር አስቡት። የሃይማኖት ክርክሩ የሊቃውንት ነበር፤ ባላገሩ ላይ ላይደርስ ይችላል። ጾሙ ግን በየጓዳው ይገባል። ረቡዕ መጾም ቀርቶ ቅዳሜ ጹም ሲባል፣ እናቱ ያስተማረችው ስሕተት ነው መባሉ ነው። አባቱ የሞቱበት እምነት፣ እሱም የተጠመቀበት ጥምቀት ልክ አይደለም መባሉ ነው። ስለዚህ አመፁ ከላስታም ከሌላውም ተነሣ። ንጉሡ በኋላ ላይ ነገሩን ለማለዘብ የጥንቱ ቅዳሴና የረቡዕ ጾም እንዲመለስ ፈቅደው ነበር። ረፍዶ ነበር። በ1632 በወይና ደጋ ጦርነት በሺዎች የሚቆጠር የአንድ ሀገር ሰው እርስ በርሱ ተላለቀ። ሱስንዮስ ድል ቢያደርጉም ልባቸው ተሰበረ፤ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ እምነት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። ካቶሊክ ሆነው የቀሩትም በተራቸው ተሰደዱ፣ ተገደሉ። ቁስሉ በሁለቱም ወገን ነበር፤ «ካቶሊክ» የሚለው ቃል ለረጅም ዘመን በሀገራችን ጆሮ ላይ የከበደውም ከዚህ የተነሣ ነው።

አቡነ ያዕቆብ

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ አንድ ጣሊያናዊ የላዛሪስት ማኅበር ካህን አድዋ ደረሱ። ስማቸው ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ ነው፤ ሕዝቡ ግን «አቡነ ያዕቆብ» አላቸው። ሜንዴዝ የሄዱበትን መንገድ አልሄዱበትም። ቋንቋ ተማሩ፤ የሀገሬውን መነኩሴ ልብስ ለበሱ፤ የላቲኑን ቅዳሴ ከማምጣት ይልቅ የግእዙን ሥርዓት ያዙ። የሀገሩን ልጆች ለክህነት ማሠልጠን ጀመሩ፤ በዓዲግራት አጠገብ ጓላ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በኢሮብ ምድር ዓሊቴናም የካቶሊኩ ማኅበረሰብ ሥር ሰደደ።

ከእሳቸው ጋር ስማቸው የማይለየው የጎጃሙ ሰው አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በ1791 ተወልደው፣ በመርጡለ ማርያም መንኩሰው፣ እውነተኛውን ትምህርት ፍለጋ ከገዳም ገዳም የዞሩ ሊቅ ነበሩ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ ወደ ግብፅ ከላኳቸው መልእክተኞች ጋር ሲሄዱ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ተዋወቁ። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 በስልሳ ዓመታቸው ቅስና ተቀበሉ። ዘመኑ ግን የመቻቻል ዘመን አልነበረም። ታሰሩ፣ በእግር ብረት ተንገላቱ፤ በ1855 እንደታሰሩ አረፉ። አቡነ ያዕቆብም በ1860 በስደት ላይ፣ በቆላው በረሃ መንገድ ላይ ሳሉ አረፉ፤ መቃብራቸው ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው በሄቦ ነው። ሮም አባ ገብረ ሚካኤልን በ1926 ብፁዕ፣ አቡነ ያዕቆብን በ1975 ቅዱስ ብላ ሰይማለች። በ1961 ደግሞ በግእዝ ሥርዓት የምትመራው የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መንበሯን አዲስ አበባ አድርጋ የራሷ ሊቀ ጳጳሳት ተሾመላት።

የተማሪዬ አያት ሁዳዴን የሚጾሙት በዚህ ምክንያት ነው። ከጎረቤት የተዋሱት ነገር አይደለም። በአንድ ወቅት በአዋጅ ሊነጠቅ የነበረ፣ በኋላም አክብረው የያዙት ሰዎች ስላገኘ ከቤታቸው ያልወጣ የራሳቸው ሀብት ነው።

በቁምስናው ጾሙ እንዴት ይውላል?

ካቶሊኮቻችን አጥቢያቸውን «ቁምስና» ይሉታል። በግእዝ ሥርዓት ቁምስና የሁዳዴን ሰንበቶች ስም ብትጠይቁ የምትሰሙት ኦርቶዶክሱ የሚያውቀውን ነው፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። ስምንት ሰንበት፣ ስምንት ስም። በስቅለት ዓርብ ስግደት አለ። ከላቲኑ ወገን የመጣም አለ፤ በጾሙ ዓርቦች «የመስቀል መንገድ» የሚባለው ጸሎት ይደረጋል። ክርስቶስ ወደ ቀራንዮ የሄደበትን ጉዞ በ14 ማረፊያ እየቆሙ፣ እየተንበረከኩ ያስቡታል። ይህን ጸሎት በዓለም ያስፋፉት በኢየሩሳሌም ቅዱሳት ቦታዎችን የሚጠብቁት ፍራንቸስካውያን ናቸው። አያትየው እንግዲህ በአንድ ዓርብ የመስቀሉን መንገድ ይጸልያሉ፣ በጸሎተ ሐሙስም ጉልባን ይቀቅላሉ። ለእሳቸው ሁለቱ አይጣሉም።

እዚህ በሰፈራችን ያለው የላቲን ቁምስና ደግሞ ጾሙን የሚጀምረው በረቡዕ ነው። ካህኑ በምእመኑ ግንባር ላይ በአመድ የመስቀል ምልክት ያደርጋል፤ ሰው አፈር መሆኑን እንዲያስብ ነው። እሑዶችን ሳይቆጥሩ 40 ቀን ይጾማሉ። የዛሬው ሕግ ቀላል ነው፤ በጾሙ ዓርቦች ሥጋ አይበላም፣ ዓሣ ግን ይፈቀዳል። በአመዱ ረቡዕና በስቅለት ዓርብ ደግሞ ከ18 እስከ 59 ዓመት ያለ ጤነኛ ሰው በቀን አንድ ሙሉ ማዕድ ብቻ ይበላል።

«ይሄማ ጾም ነው እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። ግን ታሪኩን ስታዩ ነገሩ ይለወጣል። ድሮ አውሮፓም የሚጾመው እንደ እኛ ነበር። ሥጋ ብቻ ሳይሆን እንቁላልም፣ ወተትም፣ ቅቤም አይነካም ነበር። ምግብ የሚቀመሰው በቀን አንዴ ነው፤ ለብዙ ዘመን የሚፈታውም በዘጠነኛው ሰዓት ነበር። ያው የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው! በየዘመኑ እየላላ መጥቶ፣ በ1966 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ዛሬ ያለውን መልክ አስያዙት፤ የተጾመው ምግብ ሲቀንስ ጸሎቱና ምጽዋቱ እንዲበረታ ብለው ነው። ስለዚህ ልጆቻችን «የፈረንጅ ጾም» እና «የሐበሻ ጾም» ሲሉ፣ ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች መሆናቸውን ብንነግራቸው እውነቱን መንገራችን ነው።

እናንተ በቤታችሁ

ለልጅቷ ይቅርታ ጠየቅኋት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉ ፊት ቆሜ «ባለፈው የነገርኳችሁ ስሕተት ነው» ብዬ፣ ከላይ የጻፍኩትን በልጅ ቋንቋ አስረዳኋቸው። ያ ከኋላ የተናገረው ልጅም ክፉ ልጅ አይደለም። እሱም ቢሆን ትምህርት ቤቱ ምሳ ሰዓት ላይ «ለምን ቺዝ አትበላም?» እየተባለ ጾሙን ለብቻው የሚከላከል ልጅ ነው። የራሱን አጥብቆ የያዘ ሰው የሌላውን ሲያይ አንዳንዴ ይደነግጣል።

ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ልጆቻችሁ በቤታችሁ የሚጾመውን በአማርኛ ስሙ ይወቁት። ሁዳዴ፣ ገሐድ፣ ሕማማት፣ ስግደት፣ ጉልባን፣ ማፍጠሪያ። እነዚህን ቃላት ልጆች ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ከጓዳ በደንብ ይማሯቸዋል።

ሁለተኛ፣ አያቶችን በስልክ አስጠይቋቸው። «አያቴ፣ ልጅ ሆነሽ ጾም እንዴት ነበር? ከጎረቤት ማን ከእናንተ የተለየ ይጾም ነበር?» የሚል ጥያቄ በቂ ነው። አያቶቻችን ልዩነት ባለበት ሰፈር እንዴት አብረው እንደኖሩ ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ።

ሦስተኛ፣ ልጃችሁ የሌላውን ጾም ሲያቃልል ከሰማችሁ አትለፉት። እኔ አልፌው ምን እንደደረሰ አይታችኋል። ሜንዴዝን ያሸነፋቸው ጦር ብቻ አልነበረም። ሰው እናቱ ያስተማረችው ሲናቅበት አይችልም። ይህ በ1632 እውነት ነበር፤ በእኛ ክፍል ውስጥም እውነት ነው።

በ2025 ሁለቱ ፋሲካዎች አንድ ቀን ሲውሉ፣ ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ልጅቷ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። አያቷ በስልክ የነገሯትን የስምንቱን ሰንበቶች ስም በራሷ የእጅ ጽሑፍ በፊደል ጽፋ ነበር። «መፃጉዕ» ላይ ሁለት ፊደል ተሳስታለች፤ አብረን አረምነው። ከዚያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ መጥቶ ከወረቀቱ ላይ ገለበጠ። እሱ የሚያውቀው ሆሳዕናን ብቻ ነበር።

ስለ ቤታችሁ ጾም፣ የየትኛውም እምነት ቢሆን፣ ልጆቻችሁ በአማርኛ አምስት መስመር ጽፈው ቢያመጡልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ለጾመኞች ሁሉ መልካም የጾም ጊዜ፣ ለሁላችሁም ጤናና ሰላም ይሁንላችሁ።